ካምፒንግ ልትወጡ ነው? ከጅቡ ይልቅ ከሰሉን ፍሩ!



ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ መልበስ ሲጀምር በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ መልኩ ይቀየራል። ከጉንፋኑና ከጨጓራው መሀል «ዶክተር፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጫካ ልናድር ነው፤ ምን መድኃኒት እንያዝ?» የሚል ብቅ ማለት ይጀምራል። ተከትሎ የሚመጣውም ጥያቄ ያው ነው፦ «ጅብስ አያስቸግረንም?»

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ውጡ! ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጦ ለሚያሳልፍ ሰው አንድ ሌሊት ጫካ ማደር ጥሩ ነገር ነው። ይራመዳል፣ ንጹሕ አየር ያገኛል፣ ሲመሽ ይተኛል፣ ሲነጋ ይነሣል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ላስፈራራችሁ አይደለም፤ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም እንድትመለሱ ነው።

ጅብን መጠንቀቅም አይከፋም። ምግባችሁን ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ አጥንትና ፍርፋሪ ዙሪያችሁ አትጣሉ፣ ከጥበቃዎቹ ምክር አትውጡ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከካምፒንግ መልስ ወደ እኛ የሚመጡት ጅብ የነከሳቸው አይደሉም። የሚጎዱን ድምፅ የሌላቸው ነገሮች ናቸው። ጭስ የሌለው ፍም፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ቀስ እያለ የሚገባ ብርድ። ዛሬ ስለ እነዚህ እናወራለን።

📌 ለምሳሌ መናገሻ ሱባን እንውሰድ

ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ከሆኑት ጥንታዊ ደኖች አንዱ መናገሻ ሱባ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በወጨጫ ተራራ ላይ ተዘርግቷል። ታሪኩ ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሚመለስ፣ የጥዱም ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ከላይ ተያይዘዋል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ከሥር ትንንሽ ጅረቶች በድንጋዩ መሀል ይወርዳሉ። ድንኳን ተሸክሞ የመጣ ሰው ጅረቱ ዳር ሲደርስ «በቃ፣ እዚህ ነው!» ማለቱ አይቀርም።

ቦታው ደጋ ነው፤ የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ወባ ብዙም አያሳስብም። ብርዱ ግን ያሳስባል። እናም ትልቁን አደጋ ወደ ድንኳናችን የሚጋብዘው ይኸው ብርድ ነው።

1️⃣ ድንኳን ውስጥ የገባ ከሰል

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እግር መደንዘዝ ይጀምራል። ሁሉም ይገላበጣል። ከዚያ አንዱ ይነሣና «ከሰሉ እኮ ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው፤ ለምን አናስገባውም?» ይላል። ይሄ አባባል ለማናችንም አዲስ አይደለም። ቡና የተፈላበት ማንደጃ «ጭሱ ወጥቷል» ተብሎ ማታ መኝታ ቤት የሚገባበት ቤት ስንት አለ!

ችግሩ፣ የሚገድለው የምናየው ጭስ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ፍሙ ቀይ ሆኖ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ «አሁን ጥሩ ሆኗል» በምንልበት ሰዓትም በብዛት ይወጣል።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል? ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን እንደ ታክሲ አስቡት። ወንበሮቹ ለኦክስጅን የተዘጋጁ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ወንበሩን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ አይወርድም። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፤ አንጎልና ልብ ግን የሚጠብቁትን ተሳፋሪ አያገኙም። ሰውየው ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ራስ ምታቱም ማቅለሽለሹም አይቀሰቅሰውም። ከእንቅልፍ ወደ ራስ መሳት፣ ከዚያም ወደ ሞት ሊሸጋገር ይችላል።

ድንኳን ከቤት የሚብስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጠባብ ነው። ዚፑ ይዘጋል፣ ዝናብ መከላከያው ከላይ ይደረባል፣ ጨርቁ በጤዛ ሲርስ አየር የሚያሳልፍበት ቀዳዳ የበለጠ ይደፈናል። ትንሽ ማንደጃ ለአራት ሰው ድንኳን ከበቂ በላይ መርዝ ያመነጫል።

አንድ የእሁድ ንጋት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ሁለት ወጣቶች መጡ። አንደኛው ያስመልሰዋል፤ ሁለተኛው ስሙን ሲጠየቅ እየቆየ ነው የሚመልሰው። ያመጣቸው ጓደኛቸው «ማታ የበላነው ጥብስ ይመስለኛል» አለ። ጣታቸው ላይ የምናደርጋት የኦክስጅን መለኪያ 98 ታነባለች። ቁጥሯን ብቻ ላየ ሰው ምንም የላቸውም። ግን ሦስት ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ አድሮ ሦስቱም ራሱን ሲያመው ጥያቄው ሌላ ነው። «ድንኳኑ ውስጥ ምን ነበር?» አልኩት። «ምንም። ትንሽ ከሰል ብቻ።»

ያቺ መለኪያ በዚህ መርዝ ላይ አትታመንም። ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደያዘው አትለይም፤ ስለዚህ ደም በመርዙ ተሞልቶም ጥሩ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ወዲያው በማስክ ከፍተኛ ኦክስጅን ጀመርንላቸው። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በከፍተኛ ኦክስጅን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ዳኑ። ያዳናቸው ግን በዋናነት ሕክምናው አይደለም። ሦስተኛው ጓደኛቸው ሽንቱ አጣድፎት ዚፑን ከፍቶ ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ዚፑ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ አየር ገባ። ያን ሌሊት ሽንት ባይመጣው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ፦

👉 ከሰል፣ እንጨትም ሆነ ቡታጋዝ ድንኳን ውስጥ አይነድም። «ዚፑን ትንሽ ከፍተን» ማለት አያድንም። በድንኳኑ በር ጥላ ሥር ማብሰልም እንደዚያው ነው።
👉 ከመተኛታችሁ በፊት ፍሙን ውሃ አፍስሱበት፤ አመዱን ነካክታችሁ ፍም አለመቅረቱን አረጋግጡ። ደኑንም ከእሳት ታድናላችሁ።
👉 ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት አብሯችሁ ባደረ ሰው ሁሉ ላይ ከታየ ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ። ራሱን የሳተ ካለ ጎትታችሁ አውጡት፤ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ ስትደርሱም «ከሰል ነበር» በሉ። ይቺ አንዲት ቃል ሕክምናውን ትቀይራለች።
👉 ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው የባሰ ይጎዳል። ቢሻለውም እንኳ መታየት አለበት።

2️⃣ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታይበት፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ስታዩ እጃችሁን ጎድጉዳችሁ መጠጣት ያምራችኋል። «የሚፈስ ውሃ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚልም አይጠፋም። ይፈሳል፤ ግን ከየት ነው የሚመጣው? ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ሰው አጠገቡ ይጸዳዳል። ጃርዲያን፣ አሜባን፣ የታይፎይድን ባክቴሪያ በዓይን አናያቸውም፤ ውሃውንም አያደፈርሱም።

ተንኮሉ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ጃርዲያ ምልክቱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ታይፎይድም እንዲሁ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሆዱ የተነፋ፣ የሚያገሳው የሚሸት፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው ትናንት የበላውን ሽሮ ይወቅሳል እንጂ ከሁለት ሳምንት በፊት የጠጣውን ጅረት አያስታውስም።

ብዙ የከተማ ልጅ የማያውቀው ሌላም አለ፦ አልቅት። ከምንጭና ከጅረት በቀጥታ የጠጣ ሰው ትንሽዬ አልቅት አብሮ ሊውጥ ይችላል። አፍንጫ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ታድጋለች። ሰውየው በተደጋጋሚ ይነስረዋል፣ ደም የቀላቀለ አክታ ይተፋል፣ ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማዋል። በአገራችን ገጠር የታወቀ ችግር ነው። በራሳችሁ ለማውጣት አትታገሉ፤ ሐኪም በመሣሪያ ያወጣዋል።

ታዲያ ምን እንጠጣ?

👉 የሚቻል ከሆነ ከቤት ያዙ። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር አስቡ።
👉 ካለቀባችሁ አፍሉት። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። ሻይ የሚወድ ሰው ካምፕ ላይ ትርፋማ ነው!
👉 ከደፈረሰ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ወይም በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሉት። ማጥለል አልቅትና ቆሻሻ ያስቀራል፤ ጀርም ግን አያስቀርም። ማፍላቱ አይቀርም።
👉 እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ ከተጠቀማችሁ መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብቡና ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ባክቴሪያን በደንብ ይገድላል፤ ጃርዲያን ግን፣ በተለይ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ላይገድል ይችላል። ማፍላት ይበልጣል።
👉 ጥርስ መቦረሻም፣ ሰላጣ ማጠቢያም ያው የታከመው ውሃ ይሁን።

መዋኘትስ? በቀዝቃዛ ደጋ ጅረት ብልሃርዚያ ብዙም አያሳስብም። ሞቅ ወዳለው ስትወርዱ ግን፣ ለምሳሌ ወንዶ ገነት አካባቢ ባሉ ጅረቶችና ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፣ በሽታው አለ። ቀንድ አውጣ ውስጥ ያደገው ተባይ ቆዳ በስቶ ይገባል። እዚያ የዋኛችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በሰገራ ምርመራ ይታያል፣ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

የመጨረሻው የውሃ ጉዳይ ስለ ሌላ ሰው ነው። ያ ጅረት ከእናንተ በታች ላለች እናት እንስራ የምትሞላበት ነው። ለመጸዳዳት ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር፣ ማለትም ወደ 80 እርምጃ ራቁ፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩት። ሳሙናም ሆነ የሳህን እጣቢ ጅረቱ ውስጥ አይገባም።

3️⃣ ድንኳኑ የት ይተከል?

ለፎቶ የሚያምረው ቦታ ውሃው ጠርዝ ላይ ያለው ለጥ ያለ አሸዋ ነው። ያን አሸዋ ለጥ ያደረገው ግን ጎርፍ ነው። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል። በክረምትና በበልግ ይህ የባሰ ነው።

ከጅረቱ ርቃችሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉ። በዳርቻው ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ውጡ። ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለበት ዛፍ ሥርም አትሁኑ። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ላይ ውጡ። በኃይል የሚፈስ ውሃ ቁርጭምጭሚት አልፎ ብዙም ሳይርቅ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። «ዘለን እንሻገራለን» አይሠራም፤ እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

4️⃣ ብርድና «አረቄ ያሞቃል»

በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በምክንያት ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይከፋል። ከሰል ከከለከልኩ በምን እንሙቅ? ለሚለው መልሱ ይኸው።

ሙቀታችሁን ከአየሩ ይበልጥ የሚሰርቀው መሬቱ ነው። ስለዚህ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከመደረብ ከሥር አንድ ፍራሽ ይሻላል፤ እሱ ከሌለ ካርቶን ደራርቡ። ያላባችሁበትን ልብስ ከመተኛታችሁ በፊት በደረቅ ቀይሩ። ኮፍያና ካልሲ አድርጉ። ትኩስ ነገር ጠጡ፣ በልታችሁ ተኙ። የፈላ ውሃ በደንብ በሚከደን ጠንካራ ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ከማንደጃው በላይ ታመሰግኑታላችሁ።

አረቄው ግን አያሞቅም። የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀት ወደ ውጭ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ፊታችሁ ሲግል ውስጣችሁ እየቀዘቀዘ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና ሰውነቱ እየታገለ ነው። አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ፣ በተለይ ደግሞ መንቀጥቀጡ ቆሞ ግራ ከተጋባ «ሰክሯል፣ ይተኛ» ብላችሁ አትተዉት። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱለት፣ አቅፋችሁ አሙቁት፣ ወደ ሕክምና አድርሱት።

5️⃣ ባጭር ባጭሩ

👉 መዥገር ከተጣበቀባችሁ ክብሪት፣ ቅቤ ወይም ላምባ አያስፈልግም። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቦታውን በሳሙና እጠቡ።
👉 ሳማ ከነካችሁ አትሹት። በውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ይበርዳል።
👉 ውሻ፣ ዝንጀሮ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።
👉 ከ2,000 ሜትር በታች፣ እንደ አርባ ምንጭ ወይም አዋሽ ባለ ቦታ ከሆነ የምታድሩት ወባ አለ። አጎበር፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ።

🎒 «ምን መድኃኒት እንያዝ?» ላላችሁኝ

ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ ወረንጦ፣ ፋሻና ጎዝ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ቀን አብልጣችሁ፤ አስም ያለባችሁ ፓፋችሁን ኪሳችሁ ውስጥ። አንቲባዮቲክ ግን በግምት ገዝታችሁ አትያዙ።

ተቅማጥ ከያዛችሁ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር በታከመ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ደም ካለው፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የጠጣችሁትን ሁሉ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ካምፑን አጥፉና ውረዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ቤት ለቀረ ሰው የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

🏥 ከተመለሳችሁ በኋላ

በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ የማይቆም ተቅማጥ ወይም ተደጋጋሚ ነስር ከመጣባችሁ ፋርማሲ ገብታችሁ በግምት መድኃኒት አትግዙ። ታከሙ፤ ሐኪሙንም «ጫካ አድሬ ነበር፣ እዚህ ቦታ፣ ውሃ ጠጥቻለሁ» በሉት። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ ከነገራችሁት ግማሹ ምርመራ አለቀ።

አሁን በቴሌግራም ግሩፓችሁ «ድንኳን ማን ይይዛል? ስጋ ማን ይገዛል?» እየተባባላችሁ ይሆናል። አንድ ተጨማሪ ሥራ ጨምሩበት፦ ማታ ፍሙን የሚያጠፋው ማን ነው? ስም ጻፉበት። «ሁላችንም» ከተባለ ማንም አያጠፋውም። ያ ሰው የመጨረሻው ፍም እስኪጠፋ አይተኛም፤ ሌላው ሁሉ ጠዋት የሚነቃው በእሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ ለሚወጣ ጓደኛችሁ አድርሱት። ማንደጃ መኝታ ቤት ለምታስገባ እናትና አክስትም አንብቡላቸው፤ ከሰሉ ድንኳንና ቤት አይለይም።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ጤና!